በይሉኝታ ደመና ውስጥ ገባሁ

ከስድስት ዓመት በፊት በጥቅምት አጋማሽ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ላይ፣ እኔም የሚስቴ ታናሽ ወንድምም የተረፍነው ለጥቂት ነው። ሞተሩ ደህና ነበር። ነዳጁ ሙሉ ነበር። አውሮፕላኑ በቅርቡ የተመረመረ፣ አራት ሰው የሚይዝ ሴስና 172 ነው። ያን ቀን ችግር የነበረው እኔ ጋ ነው።

ይህን ታሪክ ለረጅም ጊዜ ለሰው አላወራሁም። አሁን ግን ትንሽ አውሮፕላን ማብረር የሚማሩ የሀበሻ ልጆች ይደውሉልኛል። ቨርጂኒያ አሉ፣ ዳላስ አሉ፣ ዴንቨር አሉ። አንዳንዱ የአየር መንገድ ፓይለት መሆን ይፈልጋል፤ ሌላው እንደ እኔ ሰማዩን ወዶት ነው። ስለ ዋጋው ይጠይቁኛል፣ ስለ ፈተናው ይጠይቁኛል። ሰው ስለሚገድለው ነገር የጠየቀኝ ግን የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልናገር።

ያኔ ላይሰንሴን ካገኘሁ ሁለት ዓመቴ ነበር። 140 ሰዓት ገደማ በርሬያለሁ። የተፈቀደልኝ መሬትንና አድማስን እያየሁ፣ ከደመና ርቄ እንድበር ብቻ ነው። ደመና ውስጥ መሣሪያ ብቻ እያዩ ለመብረር ሌላ ሥልጠናና ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። እሱ አልነበረኝም። ለግል ላይሰንስ ስንማር ውጭውን የሚጋርድ ነገር ዓይናችን ላይ አድርገን ቢያንስ ሦስት ሰዓት በመሣሪያ እንለማመዳለን። ያ ሦስት ሰዓት ለማምለጫ ነው እንጂ ለመንገድ አይደለም።

አብሮ አደጌ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ነው የሚኖረው። የበኩር ልጁ አርባ ቀን ሊሞላው ሆነ። የክርስትና አባቱ እኔ ነኝ። ክርስትናው እሑድ ጠዋት ነው፤ የጓደኛዬ እናትም ለዚሁ ከጎንደር መጥተዋል። ረቡዕ ማታ ስልኩን ከልጃቸው ተቀብለው "ልጄ፣ አደራ እንዳትቀርብኝ" አሉኝ።

"እማማ፣ እንዴት እቀራለሁ? ቅዳሜ ማታ እዚያ ነኝ" አልኳቸው።

ጓደኛዬ ደግሞ ለጎረቤቱም ለዘመዱም "የልጄ ክርስትና አባት ራሱ እያበረረ ነው የሚመጣው" ብሎ አውርቷል። ያቺን "ቅዳሜ ማታ እዚያ ነኝ" ያዙልኝ። አደጋው የጀመረው እዚያ ነው፤ ሦስት ቀን ቀድሞ፣ ሳሎኔ ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጬ።

ከማናሳስ ቨርጂኒያ ኮሎምበስ በመኪና ከስድስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። በሴስና ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ልነሳ አስቤ ነበር። ዓርብ ሌሊት ሥራ አድሬ ስለነበር ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የተኛሁት። የተከራየሁትን አውሮፕላን ከእኔ በፊት የወሰደው ሰው ደግሞ ዘግይቶ መለሰው። ከመሬት የተነሳነው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ይህ ማለት ተራሮቹን አልፈን ኮሎምበስ የምንደርሰው ሊጨልም ሲል፣ ምናልባትም ከጨለመ በኋላ ነው። ደክሞኛል፣ ዘግይቻለሁ፣ ሊመሽ ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ እንኳ ቆም ሊያስብለኝ ይገባ ነበር።

አየሩን አይቻለሁ። ማናሳስ ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ኮሎምበስም ጥርት ያለ ነው። በመሃል፣ ተራራው ውስጥ፣ ኤልኪንስ የሚባል ከተማ አለ። እዚያ ደመናው ከመሬት 900 ጫማ ላይ ነበር። ትንበያውም ተራሮቹ በደመና ሊሸፈኑ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል። አነበብኩት። አንብቤም "እስክንደርስ ይገለጣል" አልኩ። ለምን ይገለጣል? ምንም ምክንያት አልነበረኝም። እንዲገለጥ ስለፈለግኩ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ። አውሮፕላኑ ክንፍ ሥር ቆሜ ለአስተማሪዬ ልደውል ስልኬን አወጣሁ። ስሙን ፈልጌ አገኘሁት። ከዚያ ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ምን እንደሚለኝ አውቅ ነበር። እናንተም መልሱን ፈርታችሁ መደወል የተዋችሁበት ቀን ካለ፣ መልሱን ቀድማችሁ አውቃችሁታል ማለት ነው። ያን ቀን አትብረሩ።

የሼናንዶዋ ሸለቆ ላይ በ6,500 ጫማ ስንበር የዛፉ ቅጠል ቀይና ቢጫ ሆኖ ነበር። የሚስቴ ወንድም ፎቶ ያነሳል። ያን ቀን ከሠራኋቸው ነገሮች ትክክለኛው አንድ ብቻ ነው፤ የበረራ ተቆጣጣሪዎች በራዳር እንዲከተሉኝ ጠይቄ ነበር። ሬዲዮው ላይ የሚያውቀኝ ሰው አለ።

ወደ ምዕራብ ስንሄድ ደመናው እንደ ጣሪያ ዝቅ አለ። ከሥሩ ለመሄድ ወደ 5,500 ወረድኩ። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ወደ 4,500። እያንዳንዷ መውረድ ትንሽ ናት፤ አታስፈራም። ግን እዚያ አካባቢ ሸንተረሩ ከ4,000 ጫማ ያልፋል። የዌስት ቨርጂኒያ ትልቁ ተራራ ስፕሩስ ኖብ 4,863 ጫማ ነው። እኔ 4,500 ላይ ነኝ። ይህን ካርታው ላይ ሳየው ሆዴ ባር ባር አለ። ግን እማማ ታወሱኝ። እንግዶቹ ታወሱኝ። "ፈርቶ ተመለሰ" ሊሉኝ ነው አልኩ። ቀጠልኩ።

ደመናው ድንገት አልዋጠንም። መጀመሪያ ከፊታችን ያለው ሸንተረር ደበዘዘ። ቀጥሎ በጎን የነበረው መንደር ጠፋ። ከዚያ የክንፉ ጫፍ ብቻ ቀረ።

"ጋሼ፣ መሬቱ የት ሄደ?" አለኝ።

አልመለስኩለትም። ወደ ኋላ ልዞር ወስኜ መሪውን ወደ ግራ ማዘንበል ጀመርኩ፤ ግን ዓይኔ መሬቱን ፍለጋ መስኮቱ ላይ ቀረ። ግፋ ቢል ሃያ ሴኮንድ ነው። ሰውነቴ ቀጥ ብለን እየሄድን እንደሆነ ይነግረኛል። ከዚያ የነፋሱ ድምፅ ጨመረ። መሣሪያዎቹን ሳይ ክንፉ ወደ ግራ ክፉኛ አዘንብሏል፣ ፍጥነቱ ይወጣል፣ የከፍታ መለኪያው ይወርዳል። 4,300። 4,100። አፍንጫውን ላነሳ መሪውን ሳብኩ። ወንበሩ ላይ ተጫንኩ፤ ከፍታው ግን መውረዱን አላቆመም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳ፤ ብዙዎችን የሚገድለው ይህ ነው። ልጅ ሆነን ዓይናችንን ጨፍነን እንሽከረከር አልነበር? ስንቆም ምድር ትዞራለች። ያንን የሚሠራው በውስጠኛው ጆሯችን ያለው ፈሳሽ ነው። አውሮፕላን ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ፈሳሹ አይሰማውም፤ መታጠፉ ሲቆይ ደግሞ ይለምደዋል። ዓይን አድማስን ካላየ አንጎል ጆሮን ያምናል፤ ጆሮ ደግሞ ይዋሻል። አብራሪው ቀጥ ብሎ የሚሄድ እየመሰለው እየተጠመዘዘ ይወርዳል። ክንፉ እንዳዘነበለ መሪውን ሲስብ ጥምዝምዙን ያጠብቀዋል እንጂ አያወጣውም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1954 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመሣሪያ በረራ ያልሠለጠኑ 20 ሰዎች ተፈትነው ነበር። ውጭውን እንዳያዩ ሲደረግ 20ዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። በአማካይ የቆዩት 178 ሴኮንድ ነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ያዳነኝ አስተማሪዬ እስኪሰለቸኝ የደጋገመልኝ ቃል ነው። "ሞተሩን ቀንስ፣ ክንፉን አቅና፣ ከዚያ አፍንጫውን አንሳ።" በዚያ ቅደም ተከተል። መሪውን መሳብ ተውኩ። ሞተሩን ቀነስኩ። አድማስ ማሳያው ላይ ያለችውን ትንሿን አውሮፕላን ቀጥ እስክትል ድረስ አየኋት። ሰውነቴ ወደ ቀኝ እየወደቅክ ነው እያለ ይጮህብኛል፤ እሱን ተውኩትና ሥዕሏን አመንኩ። መውረዱ ሲቆም 3,700 ጫማ ላይ ነበርን። በስተቀኜ ምን ተራራ እንደነበረ ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ ሬዲዮውን መያዝ ነበረብኝ። ለተወሰኑ ሴኮንዶች አልተናገርኩም። እነዚያ ሴኮንዶች ዛሬም ያሳፍሩኛል። ላይሰንሴን ይቀሙኛል ብዬ ፈራሁ። እንግሊዝኛዬ ይንተባተባል፣ በዚያ ሞገድ ላይ ያለ ፓይለት ሁሉ ይሰማኛል ብዬ ፈራሁ። ሞት አጠገቤ ተቀምጦ ይሉኝታዬ አልለቀቀኝም። በመጨረሻ ቁልፉን ተጭኜ እንዲህ አልኩ፦ ደመና ውስጥ ነኝ፣ በመሣሪያ የመብረር ፈቃድ የለኝም፣ እርዳታ እፈልጋለሁ።

የመለሰልኝ ሰው ድምፁ ከፍ አላለም። አልተቆጣኝም። መጀመሪያ ክንፌ ቀጥ ማለቱን ጠየቀኝ። ከዚያ ሳልታጠፍ ወደ 6,000 ጫማ እንድወጣ ነገረኝ፤ ከተራራው በላይ ሊያደርገኝ ነው። ስደርስ ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ፣ ወደ ምሥራቅ እንድዞር አደረገኝ። በዝግታ ሙሉ ለሙሉ ወደ ኋላ መዞር አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ያቺ ደቂቃ ረዝማብኛለች። በየመሃሉ "ጥሩ ነው፣ በዚሁ ቀጥል" ይለኛል። አሥራ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ከታች አንድ የእርሻ ማሳ ታየን። ዊንቸስተር የምትባል የቨርጂኒያ ከተማ አረፍን።

ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ጣቶቼ መሪውን አልለቅ አሉ። ቀኝ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ዞሬ ሳይ ሚስቴ የጋገረችው ድፎ ዳቦ በሙዝ ቅጠሉ እንደተጠቀለለ፣ የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮለት፣ ንቅንቅ ሳይል ተቀምጧል። እሱን ሳይ ነው ያለቀስኩት።

ለጓደኛዬ ደወልኩ። "አየሩ አልሆነልንም፣ መኪና ተከራይተን ነው የምንመጣው፣ ሌሊት እንደርሳለን" አልኩት።

"እሺ፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ" አለኝ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለት ነፍስ ያስያዝኩት ይህችን መልስ ላለመስማት ነበር። መኪናውን የሚስቴ ወንድም ነዳው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደረስን። እማማ አልተኙም ነበር። ጠዋት ልጁን ታቅፌ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ ለወራት አልበረርኩም። የአደጋ ሪፖርቶችን ማንበብ ግን ጀመርኩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ሪፖርቶቹን ለሁሉም ክፍት ያደርጋል፤ ማንም ያነባቸዋል። እሑድ ማታ አንድ፣ እሑድ ማታ አንድ እያልኩ አነበብኩ። ክንፍ ተሰብሮ ወይም ሞተር ፈንድቶ የሚሆን መስሎኝ ነበር። እሱም አለ። ግን ደጋግሜ ያገኘሁት ደህና አውሮፕላንና ቃል የገባ ሰው ነው።

የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ጆን በፈረንጆቹ ሐምሌ 1999 ከሚስቱና ከእህቷ ጋር የሞተው ወደ አጎቱ ልጅ ሠርግ ሲሄድ ነው። ሌሊት ነው፣ ባሕር ላይ ነው፣ ጭጋግ ነበር፣ በመሣሪያ የመብረር ፈቃድ አልነበረውም። መርማሪዎቹ በአውሮፕላኑ ላይ ብልሽት አላገኙም። ይህን ሳነብ ሠርጉና ክርስትናው አንድ ሆኑብኝ። እኛም አገር ነሐሴ 1989 በፈረንጆቹ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ፉኚዶ የስደተኞች ጣቢያ የሚሄደው አውሮፕላን በመጥፎ አየር ተራራ መትቶ 16 ሰው አልቋል። ያ የግል አውሮፕላን አልነበረም፤ ሞተሩም ሁለት ነው። ተራራና ደመና ግን ይህን አይለዩም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሞትበት ቦታ ለማረፍ ሲቃረቡ ያለችው የመጨረሻዋ መታጠፊያ ናት። አብራሪው ከራንዌዩ መስመር አልፎ ይሄዳል፤ ለመመለስ በኃይል ያዘነብላል፣ አፍንጫውን ይስባል። አውሮፕላን ባዘነበለ መጠን ለመንሳፈፍ የሚፈልገው ፍጥነት ይጨምራል። ከፍታውን ጠብቆ በ60 ዲግሪ ከታጠፈ 40 በመቶ ገደማ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ካጣ ክንፉ መሸከም ያቆማል፤ ከዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ ማስተካከያ ቦታ የለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መስመሩን ካለፋችሁት ተዉት፣ ሞተሩን ሙሉ ስጡት፣ ዞራችሁ እንደገና ኑ። ተሳፋሪው "ምነው አላረፍንም?" ቢል ይበል።

ክብደትም አለ። አራት ወንበር አለ ማለት አራት ሰው ከነሻንጣውና ከሙሉ ነዳጅ ጋር ይነሳል ማለት አይደለም። በቅርብ ዘመን የተሠራው የእኔ ዓይነት ሴስና ሲነሳ ሁሉም ተደምሮ ከ2,550 ፓውንድ ማለፍ የለበትም። እኛ ሀበሾች ደግሞ ሰው ስንጠይቅ ባዶ እጃችንን አንሄድም፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ እንጀራው አለ። ሁሉንም መዝኑ። ሰውንም ጠይቁ። "እትዬ፣ ስንት ኪሎ ነዎት?" ማለት በእኛ ባህል ነውር ይመስላል። እኔ አሁን የቤት ሚዛን ይዤ እሄዳለሁና በፈገግታ እንዲቆሙበት እጠይቃለሁ። ዴንቨር ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ። ከተማችሁ ከባሕር ጠለል አንድ ማይል ከፍ ያለ ነው፣ በበጋ ሙቀት አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ክንፉም ይደክማል። እኔ ጋ የተነሳው አውሮፕላን እናንተ ጋ ላይነሳ ይችላል።

ነዳጁን ጋኑ ውስጥ በሚከተተው መለኪያ እንጨት ለኩት፤ ጌጁን አትመኑ። ሕጉ ቀን ለሠላሳ ደቂቃ፣ ማታ ለአርባ አምስት ደቂቃ የሚበቃ ተጨማሪ ነዳጅ ያዙ ይላል። እኔ ሁሌም የአንድ ሰዓት እይዛለሁ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ቃል አለመግባት ነው። አሁን ስጋበዝ "እመጣለሁ" እላለሁ፤ "እበራለሁ" አልልም። የመኪናውን መንገድና ገንዘቡን ቀድሜ አዘጋጃለሁ። ቤቴ ተረጋግቼ ቁጭ ባልኩበት ሰዓት ገደቤን ወረቀት ላይ ጽፌአለሁ፦ ተራራ ላይ ደመናው ከሸንተረሩ ቢያንስ 3,000 ጫማ ካልራቀ አልሄድም፣ ስድስት ሰዓት ካልተኛሁ አልሄድም። ሜዳው ላይ ሆኜ አልደራደርም። አየሩን ሳይ ከመነሻና ከመድረሻው በፊት መሃሉን አያለሁ። ሳላቅድ ከደመና ለመሸሽ አንድ ጊዜ ዝቅ ካልኩ፣ ሁለተኛ ዝቅ አልልም። እዚያው እመለሳለሁ።

ችግር ውስጥ ከገባችሁ ቶሎ ተናገሩ። ማንንም ካላገኛችሁ 121.5 በሚባለው የአደጋ ጊዜ ሞገድ ላይ ጥሩ፣ ለራዳር ኮድ የሚልከውን ትራንስፖንደር 7700 አድርጉ። እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበርም ይገባቸዋል። ላይሰንሴ ብላችሁ ዝም አትበሉ። አሜሪካ ውስጥ ከሆናችሁ በአሥር ቀን ውስጥ ለናሳ የደህንነት ሪፖርት መላክ ትችላላችሁ፤ ሆን ተብሎ ያልተደረገ ስህተት ሲሆን ከቅጣት ሊከላከልላችሁ ይችላል። እኔ ልኬ ነበር። ከዓመት በኋላ በመሣሪያ የመብረር ሥልጠናውን ጨረስኩ። ለሥራ ባትፈልጉትም ተማሩት።

አብራሪ ዘመድ ላላችሁም አንድ ነገር ልለምናችሁ። "አደራ እንዳትቀር" አትበሉት። "ካልተመቸህ በመኪና ና" በሉት። ያቺ ቃል ምን ያህል እንደምታቀል አታውቁም።

ባለፈው ገና ኮሎምበስ ልበር ተዘጋጅቼ ነበር። ፈቃዱ አሁን አለኝ። ግን ደመናው ውስጥ በረዶ ክንፍ ላይ ሊጋገር ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ሴስናዬ ደግሞ በረዶ ማራገፊያ የለውም። አውሮፕላኑን መልሼ በገመድ አሰርኩና ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት እማማ ናቸው።

"እማማ፣ ዛሬ በአውሮፕላን አልመጣም። በመኪና ነው፣ እመሻለሁ" አልኳቸው።

"እሰይ ልጄ" አሉኝ፣ "ዶሮውን ከድኜ አቆይልሃለሁ።"